90 ተረፉ ወይስ 10 ሞቱ? አጠያየቅ የጤና ምርጫችንን እንዴት እንደሚመራው

አያድርገውና የሳንባ ካንሰር ይዞዎታል እንበል። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ሕክምና እንዳለ ይነግርዎታል፤ ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና። ከዚያም እንዲህ ሲል ያስረዳዎታል፦ “ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 90ው ከሕክምናው በሕይወት ይወጣሉ፤ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 68ቱ፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ 34ቱ በሕይወት ይገኛሉ። ጨረር ከሚወስዱት 100 ሰዎች ሁሉም ሕክምናውን በሕይወት ይጨርሳሉ፤ ከዓመት በኋላ 77ቱ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 22ቱ ይኖራሉ።” የትኛውን ይመርጣሉ?

መልስዎን ያዝ ያድርጉትና ሌላ ሐኪም የሚለውን ደግሞ ይስሙ፦ “ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 10ሩ በሕክምናው ሳቢያ ይሞታሉ፤ እስከ አንድ ዓመት 32ቱ፣ እስከ አምስት ዓመት 66ቱ ይሞታሉ። በጨረር ሕክምናው ወቅት የሚሞት የለም፤ እስከ አንድ ዓመት 23ቱ፣ እስከ አምስት ዓመት 78ቱ ይሞታሉ።” አሁንስ?

አስልቶ ላየው ሁለቱ ሐኪሞች የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ከ100 ሰው 90ው ከተረፉ 10ሩ ሞተዋል ማለት ነው። አንደኛው የተረፉትን ቆጠረ፣ ሌላኛው የሞቱትን። ነገር ግን ብዙ ሰው ለሁለቱ ሐኪሞች የሚሰጠው መልስ አንድ አይሆንም።

ይህን በጥናት ያሳዩት ባርባራ ማክኒል፣ ስቲቨን ፓውከር፣ ሃሮልድ ሶክስና አሞስ ትቨርስኪ ናቸው። ጥናታቸው በ1982 (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ያልተባለ ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። የጠየቋቸው 1,153 ሰዎች ነበሩ፤ 238 ታካሚዎች፣ 424 ሐኪሞችና 491 የቢዝነስ ተማሪዎች። ቁጥሩ በተረፉት ሰዎች ሲነገር ጨረርን የመረጡት 18 በመቶ ነበሩ። ያው ቁጥር በሟቾች ሲነገር ግን ጨረርን የመረጡት ወደ 44 በመቶ አሻቀቡ። “10 ይሞታሉ” የሚለው ቃል ሰዎችን ከቀዶ ሕክምናው አስደነገጣቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ሐኪሞቹና ስታቲስቲክስ የተማሩት ተማሪዎች ከታካሚዎቹ የተሻሉ ሆነው አለመገኘታቸው ነው። ትምህርትም ሆነ የሥራ ልምድ አላዳናቸውም። ስለዚህ ነገሩ ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሰው አእምሮ የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን የአቀራረብ ተጽዕኖ ይሉታል። አንድ መረጃ ይዘቱ ሳይለወጥ የተነገረበት መልክ ሲለወጥ የሰው ምርጫም አብሮ ይለወጣል ማለት ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ ሲያጋጥም የአንድን ታካሚ ውሳኔ ይነካል። የጤና ምርጫን በሚለካ መጠይቅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ “ሕዝቡ ይህን ይመርጣል” ተብሎ የሚወጣውን ቁጥር ይነካል። በዚያ ቁጥር ላይ ደግሞ በጀትና መመሪያ ይመሠረታል።

ለምን እንዲህ ሆንን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ መሠረት የጣሉት ሁለት እስራኤላውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ዳንኤል ካህነማንና ከላይ የጠቀስነው አሞስ ትቨርስኪ ናቸው። በ1981 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ለሰዎች አንድ የታሰበ ወረርሽኝ አቀረቡ። በሽታው 600 ሰዎችን ይገድላል ተብሎ ይጠበቃል። መከላከያ ይሆናሉ የተባሉ ሁለት እቅዶች አሉ። የመጀመሪያው እቅድ “200 ሰዎችን በእርግጠኝነት ያድናል” ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶ መረጡት። ለሌላ ቡድን ያው እቅድ “400 ሰዎች ይሞታሉ” ተብሎ ቀረበ፤ የመረጡት 22 በመቶ ብቻ ሆኑ። የተቀሩት “ምናልባት ሁሉም ይድኑ፣ ምናልባትም ሁሉም ይሞቱ ይሆናል” የሚለውን ሁለተኛውን እቅድ ወሰዱ።

ማብራሪያቸው ይህ ነው። ለሰው የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበልጥበታል። መቶ ብር መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ደስታ፣ መቶ ብር ከኪሱ የጠፋበትን ሰው ብስጭት ያህል አይሆንም። ነገሩ በ“ማዳን” ሲነገረን የያዝነውን አጥብቀን እንይዛለን። በ“መሞት” ሲነገረን ደግሞ ጉዳቱን ለመሸሽ ስንል ቁማር ውስጥም ለመግባት እንደፍራለን። ካህነማን ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቹ በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ትቨርስኪ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ሰው ሲናገር የሚመርጠው ቃል ራሱ መልእክት ይዟል። ሐኪም “ብዙዎቹ ይተርፋሉ” ካለ፣ ሰሚው “ሐኪሙ ይህን ሕክምና ወዶታል ማለት ነው” ብሎ ይረዳል። “አንዳንዶቹ ይሞታሉ” ካለ “እያስጠነቀቀኝ ነው” ይላል። በዚህ ረገድ መላሹ ሞኝ አይደለም፤ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ምክር እያነበበ ነው። ችግሩ መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ምክር መስጠቱን ሳያውቀው መቅረቱ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱም የጠለቀ ነው። ስለ አብዛኛው የጤና ጉዳይ አስቀድመን የያዝነው ምርጫ የለንም። ቡና ወይስ ሻይ ቢሉን መልሱ አፋችን ላይ ነው። “ለአምስት ዓመት የወገብ ሕመም ይሻልዎታል ወይስ ለሦስት ዓመት የዓይን መድከም?” ቢሉን ግን ከዚህ በፊት አስበነው አናውቅም። መልሱን እዚያው፣ ጥያቄው በሰጠን ቁሳቁስ እንሠራዋለን። ጥያቄው ያቀበለን ቃልና ቁጥር የመልሱ ጡብና ጭቃ ይሆናል።

አቀራረብ በስንት በር ይገባል?

መሞትና መትረፍ አንዱ በር ብቻ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ሰፊ ናቸው።

ስያሜ። በ1982ቱ ጥናት ለአንዳንዶቹ ሕክምናዎቹ በስማቸው ሲቀርቡ፣ ለሌሎቹ ስማቸው ሳይገለጽ ቀርበው ነበር። ቁጥሩ ሳይለወጥ፣ ስሙ ሲጠራ ቀዶ ሕክምና የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። ከስም በላይ የሚከብድ ቃልም አለ። ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ተቋም በ2013 አሜሪካውያንን ስለማይድኑ ሕሙማን ጠየቀ። ሕመምተኛው ከጠየቀ ሐኪሙ “ሥቃይ በሌለው መንገድ ሕይወቱን እንዲያሳርፍ” ይፈቀድ ሲባል 70 በመቶ ደገፉ። ሐኪሙ ሕመምተኛው “ራሱን እንዲያጠፋ ይርዳው” ሲባል ግን ደጋፊው 51 በመቶ ሆነ። በሁለቱ መካከል የሕግና የአሠራር ልዩነት አለ፤ ቢሆንም “ራስን ማጥፋት” የሚለው ቃል ብቻውን የሚሸከመው ክብደት ለማንም ግልጽ ነው።

የቁጥር አለባበስ። ኪሚሂኮ ያማጊሺ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የተለያዩ የሞት መንስኤዎች ምን ያህል አስጊ እንደሆኑ እንዲመዝኑ ጠየቁ። “ካንሰር ከ10,000 ሰው 1,286ቱን ይገድላል” የሚለው “ከ100 ሰው 24.14ቱን ይገድላል” ከሚለው ይልቅ አስፈሪ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ወደ 13 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው 24 በመቶ። አነስተኛው አደጋ ትልቁን የበለጠው ዓይን 1,286 የሚለውን ስላየና 10,000 የሚለውን ስለዘነጋ ነው።

“በእጥፍ” የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስታወቀ። እውነት ነበር። ነገር ግን እጥፍ የሆነው ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው ወደ ሁለት ማደጉ ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። “ከ7,000 አንዲት ሴት ተጨማሪ” ቢባል ኖሮ ወሬው የፊት ገጽ ባልሆነ ነበር።

አስቀድሞ የተሞላ ምርጫ። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን በ2003 ስለ አካል ልገሳ ጠየቁ። “ለጋሽ አይደሉም፤ መሆን ከፈለጉ ያመልክቱ” ከተባሉት 42 በመቶ ለጋሽ ለመሆን ተስማሙ። “ለጋሽ ነዎት፤ መውጣት ከፈለጉ ያመልክቱ” ከተባሉት ደግሞ 82 በመቶ ለጋሽ ሆነው ቀሩ። የትኛውም ሳይመረጥላቸው ከተጠየቁት 79 በመቶ ፈቀዱ። የመጀመሪያው ቅጽ የብዙ ሰው ፈቃደኝነትን ሸፍኖ ነበር ማለት ነው። የትኛው ሳጥን ላይ አስቀድሞ ምልክት እንዳለ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥዕልና ታሪክ። በ2009 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የአሜሪካ ጥናት አረጋውያንን “ከባድ የመርሳት በሽታ ቢይዝዎት ምን ዓይነት ክብካቤ ይፈልጋሉ?” ሲል ጠየቀ። በሽታው በቃል ብቻ ከተገለጸላቸው 64 በመቶ የሚሆኑት ሕመምን የማስታገስ ክብካቤ ብቻ መረጡ። የአንዲት ሕመምተኛ አጭር ቪዲዮ ከተጨመረላቸው ግን 86 በመቶ ያንኑ መረጡ። ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ የተሻለ ማስረዳት? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

አማርኛችን ራሱ የሚሠራው

መጠይቆች ብዙ ጊዜ ከውጭ ቋንቋ ይተረጎማሉ። በትርጉሙ ውስጥ ተርጓሚው ሳያስበው አቀራረቡን ሊለውጠው ይችላል። ለምሳሌ “ዕድል” የሚለውን ቃል ይመልከቱ። “የመዳን ዕድሉ 90 በመቶ ነው” ሲባል ጆሮ ይቀበለዋል። “የመሞት ዕድሉ 10 በመቶ ነው” ሲባል ግን ይጎረብጣል፤ ምክንያቱም ዕድል በአማርኛ በጎ ነገር ወይም ዕጣ ፈንታ ነው። “የመሞት አደጋው” ብንል ደግሞ ቃሉ የመኪና ግጭትና የእሳት ቃጠሎ ያስታውሳል። ስለዚህ ሁለቱን አቀራረቦች በእኩል ሚዛን በአማርኛ ማስቀመጥ በሌላው ቋንቋ ከሆነው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

“ዳነ” የሚለው ደግሞ ሁለት ነገር ይዟል። ከሞት መትረፍም ነው፤ ከበሽታው ፈጽሞ መላቀቅም ነው። በዋናው መጠይቅ “በሕይወት ይቆያሉ” የተባለው በአማርኛው “ይድናሉ” ከሆነ፣ መላሹ ካንሰሩ ጠፍቶለት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይታየዋል። ለመትረፍ የተሰጠ መልስ እንደ ፈውስ ሆኖ ይመዘገባል። ደኅናው መንገድ ሰው መቁጠር ነው፦ “ከ100 ሰው 90ው በሕይወት ይቆያሉ፤ 10ሩ ይሞታሉ።” ይህን አያቴም ይረዱታል፣ ፕሮፌሰሩም ይረዱታል።

መረጃ ሰብሳቢው የሚናገርበት ቃናም አለ። ቤት ድረስ መጥቶ ቡና የቀረበለትን እንግዳ ደስ ማሰኘት የእኛ ወግ ነው። “ልጅዎን ማስከተብ ይፈልጋሉ፣ አይደል?” ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት “አይ” የሚል እናት ወይም አባት ጥቂት ነው። “አይደል” የሚለው አንድ ቃል መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

ከመጠይቁ በኋላ የሚመጣው

ይህ ሁሉ የጥናት ወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ ባላሳሰበን። ነገር ግን የጤና ምርጫ መጠይቆች ለትልቅ ውሳኔ መነሻ ይሆናሉ። በብዙ አገር አንድ መድኃኒት በመንግሥት ወጪ ይገዛ አይገዛ የሚወሰነው የሚጨምረው የዕድሜ ዓመት በጤንነት ጥራት ተመዝኖ ነው፤ በእንግሊዝ ናይስ የተባለው ተቋም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ይህን ጥራት ለመለካት በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኢኪው ፋይቭ ዲ ይባላል። አምስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዕለት ተዕለት ሥራ፣ ሕመም ወይም አለመመቸት፣ ጭንቀት ወይም ድብርት። በአዲሱ ቅጽ እያንዳንዱ አምስት ደረጃ ስላለው 3,125 የተለያዩ የጤና ሁኔታዎች ይገኛሉ።

እያንዳንዱ ሁኔታ ስንት እንደሚመዝን ግን ሐኪም አይወስነውም፤ ሕዝብ ይጠየቃል። አንዱ ዘዴ “በዚህ ሕመም 10 ዓመት መኖር ይሻልዎታል ወይስ በሙሉ ጤና 6 ዓመት?” ይላል። ለመላሹ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ሲገኝ ሁኔታው ቁጥር ያገኛል፤ በዚህ ምሳሌ 0.6። ኢትዮጵያም ይህን ሥራ ሠርታለች፤ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ፊት ለፊት ያነጋገረው ጥናት በ2020 ታትሟል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት “የዕድሜ ነገር የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ” የሚል ሰው ቢኖር አይገርምም። ያው ጥያቄ “ስንት ዓመት ይተዋሉ?” ተብሎና “ስንት ዓመት በጤና መኖር ይበቃዎታል?” ተብሎ ሲጠየቅ ልብ ላይ የሚያርፈው ለየቅል ነው። ለዚህም ነው ጠያቂዎቹ የሚሠለጥኑት፣ ቃሉም አንድ ወጥ ሆኖ የሚነበበው።

ለብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የበለጠ የሚቀርበው የጤና መድን ጥያቄ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ተከትሎ የመጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል። ተግባራዊነቱ ለዓመታት ሲዘገይ፣ ተመራማሪዎች መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞችን “ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?” እያሉ ጠይቀዋል። እስቲ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እናስብ። “ከደመወዝዎ 3 በመቶ” ሲባል ትንሽ ይመስላል። “በዓመት 3,600 ብር” ሲባል ይከብዳል። “በቀን 10 ብር” ሲባል ምንም አይደለም። ሦስቱም አንድ ገንዘብ ናቸው። “ከደመወዝዎ ይቆረጣል” እና “ለጤናዎ ያዋጣሉ” የሚሉት አባባሎች ሲጨመሩ ደግሞ የሚመዘነው የሠራተኛው ፍላጎት ይሁን የጠያቂው የቋንቋ ችሎታ መለየት ያስቸግራል።

ታዲያ መጠይቅ ሁሉ ውሸት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ፣ የአቀራረብ ተጽዕኖ ሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። ቀደም ብሎ ጽኑ አቋም የያዘ ሰው፣ ወይም በጉዳዩ ውስጥ ራሱ ያለፈ ሰው፣ በቃል ለውጥ በቀላሉ አይናወጥም። በብዙ ጥናቶች ላይ ተደምሮ ሲታይም ተጽዕኖው አለ፤ ግን መጠኑ ከጥናት ጥናት ይለያያል።

ሁለተኛ፣ ፍጹም ገለልተኛ አቀራረብ የሚባል ነገር የለም። የተረፉትን ወይም የሞቱትን ሳይጠቅሱ የሕክምና ውጤት መናገር አይቻልም። ቪዲዮው ላይ ያነሳነው ጥያቄም እዚህ ላይ ይመለሳል። ቪዲዮ ያላየው አረጋዊ መልስ “ንጹሕ” ነው፣ ያየው “የተበከለ” ነው ማለት አንችልም። ያላየው ሰው ምናልባት ከባድ የመርሳት በሽታ ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። የቀረበለት ነገር መላሹ ሊያውቀው የሚገባውን ጨምሮለታል ወይስ ስሜቱን ብቻ ቀሰቀሰው? መለየት ያለበት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ጥንቁቅ አጥኚዎች የተረፉትንም የሞቱትንም ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። መቁጠሪያውን አይለዋውጡም፤ ሁሉንም ከ100 ወይም ሁሉንም ከ1,000 ያደርጋሉ። “በእጥፍ” ከማለት “ከ7,000 አንድ የነበረው ሁለት ሆነ” ይላሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው 100 ትንንሽ የሰው ምስሎች ሥለው 10ሩን ቀለም ይቀባሉ። ለግማሹ መላሽ አንዱን አጠያየቅ፣ ለግማሹ ሌላውን በዕጣ ሰጥተው ልዩነቱን ይለካሉ፤ መልሱ ከተለወጠ ያን ራሱን በሪፖርታቸው ይጽፋሉ። ከሁሉ በፊት መጠይቁን በጥቂት ሰዎች ሞክረው “ይህን ሲሰሙ ምን መሰለዎት?” ብለው ይጠይቃሉ።

አንባቢስ ምን ያድርግ?

“80 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ይህን ሕክምና ይመርጣል” የሚል ዜና ሲያነቡ፣ ከመቶኛው በፊት ጥያቄውን ይፈልጉ። በምን ቃል ተጠየቀ? ከምን ጋር ተወዳድሮ? የቀረበው ቁጥር ከስንት ሰው ነው? አስቀድሞ የተሞላ መልስ ነበረው? ጥያቄው ራሱ ካልታተመ፣ ያ መቶኛ ግማሹ የጎደለ መረጃ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ።

መረጃ ሰብሳቢ ቤትዎ መጥቶ ሲጠይቅዎት ደግሞ “አልገባኝም፤ በሌላ መንገድ አስረዳኝ” ማለት መብትዎ ነው። እርሱን ደስ ለማሰኘት የተሰጠ መልስ ለማንም አይጠቅምም።

ሐኪም ፊት ሲቀመጡም ነገሩን ገልብጠው ይጠይቁ። “90 በመቶ ይሳካል” ካለዎት “ዶክተር፣ 10ሩ ላይ ምን ይደርስባቸዋል?” ይበሉ። “10 በመቶ ይሞታሉ” ካለዎት “የቀሩት 90ው እንዴት ይኖራሉ?” ብለው ይጠይቁ። ከዚያም ሕክምናውን ባያደርጉ ምን እንደሚሆን በዚያው መቁጠሪያ ያስነግሩ። ይህን ለመጠየቅ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጡት መልስ ከጠያቂው አፍ ይልቅ ለራስዎ ፈቃድ የቀረበ ይሆናል።